የዓይን አውጣነት ኮርስ

ለንደን በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ዌምብሊ አካባቢ አንድ የሳንድዊች ፋብሪካ ውስጥ ሥራ አገኘሁ። ዘመኑ የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ በአንድ መሥሪያ ቤት የታይፕ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ከባለ ተረከዝ ጫማ ወርጄ አላውቅም። ፋብሪካው ግን በመጀመሪያው ቀን ነጭ ጋዋን፣ የፀጉር መረብና እስከ ጉልበት የሚደርስ ነጭ የላስቲክ ቦት ጫማ አስታቀፈኝ። ቦቱ ቁጥር ዘጠኝ ነው። የኔ እግር በእንግሊዝ ቁጥር ሦስት ተኩል ነው።

ሱፐርቫይዘራችን ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቱ ከትከሻው በጣም የራቀ እንግሊዛዊ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። እግሬን አየና «ይሄ አይሰፋሽም? ትንሽ ቁጥር ላስመጣልሽ?» አለኝ።

እኔም እንደ ማንኛዋም ጨዋ ልጅ «ኧረ ምንም አይደል» አልኩት።

እንግዲህ እኛ ቤት ይህ የመጀመሪያው ዙር ነው። ሰው ሲያቀርብልሽ እምቢ ትያለሽ፤ እሱ «በሞቴ» ይላል። አንቺ «ኧረ ግድ የለም» ትያለሽ፤ እሱ «አፈር ስሆን» ይላል። በሦስተኛው የተገደድሽ መስለሽ ትቀበያለሽ። እኔ ሁለተኛውን ዙር ስጠብቅ ሰውየው «ኦኬ» ብሎ ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገና ሄደ። ጭራሽ ሄደ! አንድ ጊዜ ዞር ይላል ብዬ ጀርባውን ስከተል በሩ ተዘጋ።

ተመልሼ ልጠይቀው? እንዴት አድርጌ! ይሉኝታ የሚባለው ነገር ከኔ ጋር በአንድ አውሮፕላን ነው የመጣው። ሻንጣዬ መንገድ ላይ ጠፍቶ ሲቀር እሱ በሰላም ገብቷል። ስለዚህ ሦስት ካልሲ ደራረብኩ፤ የቦቱን ጫፍ ደግሞ በየቤቱ በነፃ በሚወረወረው የሰፈር ጋዜጣ ጠቀጠቅኩት። አንድ ዓመት ሙሉ የሽያጭ ማስታወቂያ ላይ ቆሜ ሠራሁ። ስራመድ መጀመሪያ እግሬ ይሄዳል፤ ጫማው ትንሽ አስቦበት ይከተላል።

ከጎኔ የሚሠሩት ወደ ስልሳ ዓመት የተጠጉ የኤርትራ ሴት ነበሩ። አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ በአማርኛ የተማሩ ናቸው፤ አማርኛቸው ከኔ አማርኛ ይበልጥ ንጹሕ ነበር። እኔ «እትዬ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «አንቺ ልጅ» ይሉኛል። እኔ ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ቢሆንም ልጅ መባሉን አልጠላሁትም።

ሳንድዊቹ የሚሠራው «ላይን» በምንለው፣ ራሱ በሚሄድ ረጅም ቀበቶ ላይ ነው። ሴቶቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈን እንቆማለን። አንዷ ዳቦ ትዘረጋለች። እትዬ በማዮኔዝ የተለወሰውን እንቁላል ከትልቅ በርሜል እየጨለፉ ዳቦው ላይ ያደርጋሉ። እኔ ሦስት ሦስት ቁራጭ ኪያር እደረድራለሁ። ከኔ ቀጥላ የቆመችው ግዙፍ ጃማይካዊት በዳቦ ትከድነዋለች።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ወለሉ ታጥቦ ሳይደርቅ ሥራ ጀመርን። የቀኝ ቦቴ እርጥቡ ላይ ተጣበቀና አልነሳ አለኝ። ቀበቶው ደግሞ ሰው አይጠብቅም፤ ኪያር ያልነካው ዳቦ እያለፈኝ ነው። ተናድጄ እግሬን ወደ ላይ ስመነጭቀው ቦቱ ከነጋዜጣው በረረ። ግድግዳ አልነካም፤ ሰውም አልመታም። በቀጥታ በእትዬ በርሜል ውስጥ ቧጭ ብሎ ገባና እንቁላሉ መሃል ቀጥ ብሎ ቆመ።

«በስመ አብ!» አሉ እትዬ፣ ጭልፋቸውን እንዳነሱ።

ላይኑ ቆመ። ሱፐርቫይዘሩ እየሮጠ መጣ፤ ቦቱን በሁለት ጣቱ ከበርሜሉ አወጣው። እንቁላሉ እየተንጠባጠበ «የማን ነው?» እያለ በሴቶቹ መሃል ያልፍ ጀመር። ሃያ ሴት በአንድ ጊዜ ወለል ወለሉን ማየት ጀመረች። እኔ ባለ ሦስት ካልሲውን እግሬን ከሌላው ጀርባ ደብቄ እንደ ሽመላ ቆሜአለሁ። አጠገቤ ሲደርስ ቆመ። እግር ቆጠረ።

«ያንቺ ነው?»

«አዎ፣ ግን ምንም አይደል» አልኩት።

«ምንም አይደል?» አለ፣ ወደ በርሜሉ ዞሮ።

አሁን ነበር መናገር። ጫማው ሰፍቶኛል፣ ቀይርልኝ ማለት ብቻ ነው። እሱም ለመስማት አንገቱን ወደኔ አዘንብሏል። አፌን ከፈትኩና፣ «ጫማው በጣም ጥሩ ነው፤ እግሬ ነው ያነሰው፤ ይቅርታ» አልኩ።

ሰውየው ቦቱን አጥቦ መለሰልኝ። በርሜሉ ተደፋ።

በሻይ ሰዓት እትዬ መልበሻ ክፍል ውስጥ ያዙኝ።

«አንቺ ልጅ፣ እግሬ ነው ያነሰው ብለሽ ይቅርታ ጠየቅሽው? ታዲያ ምን ይሁን ነው? እግርሽ እስኪያድግ ይጠብቅሽ?»

«እትዬ፣ አፌ ነው ያለው፤ እኔ አላልኩም።»

«እንግዲያስ አፍሽን ይዘሽ ቅዳሜ ከኔ ጋር ካምደን ትሄጃለሽ። ትምህርት አለ።»

ትምህርቱ ለሴቶች የተዘጋጀ ነው፤ በሥራ ቦታ የሚያስፈልጋቸውን መጠየቅ እንዲችሉ። ማስታወቂያው ላይ ያለውን ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል ሁለታችንም አናውቀውም ነበር። እትዬ አማቻቸውን ጠይቀው «ዓይን አውጣ መሆን ማለት ነው» ብሏቸዋል።

«አስቢው እስኪ» አሉኝ አውቶቡስ ውስጥ። «በኛ ጊዜ ዓይን አውጣ የሆነች ልጅ በጥፊ ትባል ነበር። እዚህ በነፃ ያስተምሯታል። ሻይና ብስኩትም አለው።»

ክፍሉ ውስጥ ከየአገሩ የመጣን አሥር ሴቶች ነበርን። መምህሯ ቀይ መነጽር ያደረገች እንግሊዛዊት ናት። ኮርሱ ስምንት ቅዳሜ ነው። በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዳችን የቸገረንን ነገርናት፤ ከዚያ ተነስተን ከአለቃችን እሱኑ እንድንጠይቅ አዘዘችን፤ አለቃው ራሷ ነች። ተራዬ ሲደርስ ተነሳሁ። መሥሪያ ቤት ሳለሁ በሺህ የሚቆጠር ማመልከቻ ታይፕ አድርጌአለሁና አካሄዱን አውቀዋለሁ።

«ጌታዬ፣ እንደምን አደሩ? ጤናዎ እንዴት ነው? ባለቤትዎ ደኅና ናቸው? ልጆች ደኅና ናቸው? በሥራ ተወጥረው ሳለ ስላስቸገርኩዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ነገሩ ይህን ያህል የሚያሳስብ አይደለም፤ ባይሆንም አልቀየምም። ከእርስዎ ያየሁት መልካምነት ነው። ምናልባት ለወደፊቱ፣ ሁኔታዎች ሲፈቅዱ…»

መምህሯ ሰዓቷን አየች። «አራት ደቂቃ ሆነሽ» አለች። «ጫማው እስካሁን አልመጣም።»

ከዚያ ሦስት ሕግ ሰጠችን። አንደኛ፣ ሰውየውን ዓይን ዓይኑን እዩ። ሁለተኛ፣ አሳጥራችሁ ተናገሩ፤ ይቅርታ አትጠይቁ። ሦስተኛው የሚገርመው ነው፦ እምቢ ቢሏችሁ አትከራከሩ፣ አታልቅሱ፤ ያንኑ ዓረፍተ ነገር፣ አንድም ቃል ሳትለውጡ፣ እንደ ተጫረ ሸክላ ድገሙት። እኔም ዓረፍተ ነገሬን ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፦ «እግሬን የሚሆን ቦት ጫማ ያስፈልገኛል።» ይኸው ነው። ማስታወሻ እንኳን አያስፈልገውም፤ ግን ከፊቱ «ይቅርታ» ሳልል ለመናገር ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ።

ቀጥሎ ልምምድ ሆነ። መምህሯ «አለቃ መሆን የሚፈልግ አለ?» ስትል እትዬ እጃቸውን አወጡ። ካፖርታቸውን እንደለበሱ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀመጡ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አደረጉ፣ ከፊታቸው ያልነበረ ወረቀት ማገላበጥ ጀመሩ። ቀርቤ ቆምኩ። ቀና አላሉም። ጉሮሮዬን ጠራረግኩ። አላዩኝም።

«እግሬን የሚሆን ቦት ጫማ ያስፈልገኛል።»

«ማመልከቻ ጽፈሽ ነይ።»

«እግሬን የሚሆን ቦት ጫማ ያስፈልገኛል።»

«የሚፈርሙት ኃላፊ ስብሰባ ላይ ናቸው። ሰኞ ተመለሺ።»

«እግሬን የሚሆን ቦት ጫማ ያስፈልገኛል።»

«ፋይልሽ አልተገኘም።»

ክፍሉ ሁሉ ተራ በተራ ሞከራቸው። አንድም ሰው አላለፈም። የስፌት ሠራተኛ የሆነች አንዲት የባንግላዴሽ ሴት ዕንባዋ መጣ። የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ የሆነችው አየርላንዳዊት ጠረጴዛውን በቡጢ መታች፤ እትዬ «ንብረት በማውደም ትጠየቂያለሽ» አሏት። በመጨረሻ መምህሯ ራሷ ገባች። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ተሸንፋ ወጣች።

«እርስዎ ድሮ ሥራ አስኪያጅ ነበሩ እንዴ?» አለቻቸው።

«የለም» አሉ እትዬ። «ሠላሳ ዓመት ባለጉዳይ ነበርኩ።»

የቤት ሥራችን በየቀኑ አንዳች ትንሽ ነገር መጠየቅ ነበር። እኔ አውቶቡስ ላይ ጀመርኩ። አንድ ሰውዬ ቦርሳውን ወንበር ላይ አስቀምጦ መስኮት መስኮቱን ያያል። ፊቱ ቆሜ፣ ዓይኔን ሳላርገበግብ ትክ ብዬ አየሁትና «መቀመጥ ያስፈልገኛል» አልኩት። ቦርሳውን አነሳ። ከዚያ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ ሲያየኝ አሁንም እያየሁት ነው፤ ዓይኔን መቼ እንደምመልስ ማንም አላስተማረኝማ። ሰውየው በሚቀጥለው ፌርማታ ወረደ። ማታ ለእትዬ ስልክ ደውዬ ሁለት ወንበር አገኘሁ ብዬ ሪፖርት አደረግኩ።

ከስድስተኛው ቅዳሜ በኋላ በነበረው ማክሰኞ እትዬ «ዛሬ ነው» አሉኝ። በሻይ ሰዓት ወደ ሱፐርቫይዘሩ ቢሮ ሄድን። ቢሮው ባለ መስታወት ትንሽ ክፍል ነው፤ ሰውየው ከቤቱ ያመጣውን ሳንድዊች እየበላ ነበር። የፋብሪካችንን ሲበላ አይቼው አላውቅም። እትዬ ከኋላዬ ቆሙ፤ ለድጋፍም፣ እንዳላመልጥም። ዓይን ዓይኑን አየሁት።

«እግሬን የሚሆን ቦት ጫማ ያስፈልገኛል።»

«እሺ» አለ። «ቁጥርሽ ስንት ነው?»

እዚህ ላይ መናገር ያለብኝ ነገር አለ። ስድስት ሳምንት የተለማመድኩት ከእትዬ ጋር ነው። እትዬ ደግሞ አንድም ቀን እሺ ብለው አያውቁም። ለእምቢታ ተዘጋጅቻለሁ፤ ለስብሰባ፣ ለሰኞ፣ ለጠፋ ፋይል ተዘጋጅቻለሁ። «እሺ» ሲመጣ ምን እንደሚባል ግን አልተማርኩም። አፌ የሚያውቀውን አለ፦

«እግሬን የሚሆን ቦት ጫማ ያስፈልገኛል።»

«አዎ፣ እሺ አልኩሽ እኮ። ቁጥሩን ንገሪኝ።»

«እግሬን የሚሆን ቦት ጫማ ያስፈልገኛል።»

ሳንድዊቹን አስቀመጠ። ዓይኔ አሁንም ከዓይኑ አልተነቀለም። «ተረጋጊ፣ ችግር የለም» አለ፤ ቀስ ብሎ ተነሳ፤ ግድግዳውን ታክኮ ወጣና ደረጃውን ሮጦ ሥራ አስኪያጇን ይዞ መጣ። ሥራ አስኪያጇ ፀጉሯን ወደ ላይ የሰበሰበች፣ ፈገግ የማትል ሴት ናት። ደብተርና እስክሪብቶ ይዛለች።

«ምንድን ነው ችግሩ?» አለችኝ በለሰለሰ ድምፅ፣ እንደ ታመመ ሰው።

«እግሬን የሚሆን…»

«አንቺ ልጅ!» አሉ እትዬ በአማርኛ፣ ጎኔን በክርናቸው ደቁሰው። «እሺ ብለውሻል እኮ!»

«ማን?»

«ሁሉም!»

ያኔ እትዬ የሥራ አስኪያጇን እስክሪብቶ አዩት። ክዳኑ ተከፍቷል፤ ወረቀቱም ባዶ ነው። ሠላሳ ዓመት ባለጉዳይ የነበረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያልፍም። ወደ ፊት ወጡ።

«የሷ ቁጥር ሦስት ተኩል ነው» አሉ፣ ከራዲዮ በተማሩት ቀጥ ባለ እንግሊዝኛቸው። «ይጻፉት።» ሴትየዋ ጻፈች። «ጓንቱ ሁሉ የወንድ ነው፤ ጣቱ ሳንድዊቹ ውስጥ ይገባል። እሱንም ይጻፉ። ሽንት ቤት ለመሄድ እንደ ተማሪ እጅ አውጥተን እንጠብቃለን፤ እኔ የልጅ ልጅ አለኝ። ይጻፉ። እንቁላል ጋ ያለን ሴቶች ቀኑን ሙሉ እንቆማለን፤ አንድ በርጩማ ያስፈልገናል።»

ሥራ አስኪያጇ እጇ እስኪዝል ጻፈች። ሲጨርሱ «ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገራችሁንም?» አለች፤ ከልቧ ነበር። ሱፐርቫይዘሩ «እኔማ በመጀመሪያው ቀን ጠይቄአት ነበር» አለና ወደኔ ጠቆመ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ በዚያ ጫማ ግን የሚያስገባኝ ቀዳዳ አይገኝም።

በሳምንቱ አንድ ትልቅ ካርቶን መጣ። ስንከፍተው ሃያ ጥንድ ቦት ነው፤ ሃያውም ቁጥር ሦስት ተኩል። ሥራ አስኪያጇ የሴቶች ቁጥር ይህ ነው ብላ ገምታ ነው መሰል፣ ለመላው ላይን አዝዛለች። ጃማይካዊቷ አንዱን አንስታ የእግሯን አውራ ጣት ብቻ ከተተችበት። ከዚያ ካልሲዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ወደ ቢሮው ሄደች። እኔና እትዬ ሕጎቹን እናስታውሳት ብለን ከኋላዋ ተንደረደርን፤ ሳንደርስባት ወጣች።

«ምን አልሽው?» አልናት።

«እግሬን ጠረጴዛው ላይ አደረግኩለት» አለች።

የሷ በማግስቱ መጣ። ሌሎቹም እንደየቁጥራቸው ተቀየሩ። ትንንሽ ጓንትም መጣ፤ ሽንት ቤት እጅ ማውጣቱ ቀረ። በርጩማው አንድ ብቻ ነበርና በየሰዓቱ ተራ ገባንበት። በመጀመሪያው ቀን እትዬ ላዩ ላይ ሲወጡ ዳኛ መስለው ነበር፤ እንቁላሉን ሲጨልፉ እንኳን ፍርድ የሚሰጡ ይመስሉ ነበር።

እኔ ግን አዲሱን ቦት ባደረግኩ በሁለተኛው ቀን ይሉኝታዬ ተመለሰ። ሰውየውን አስደንግጬዋለሁ፤ ሳንድዊቹንም አስጥዬዋለሁ። አንድ ፓኬት ብስኩት ገዝቼ ቢሮው ሄድኩ።

«ኧረ አያስፈልግም» አለኝ።

እምቢ ሲል ደስ አለኝ፤ ይሄን ጨዋታ አውቀዋለሁ። «ግዴለህም፣ ውሰድ» አልኩት። «አይ፣ በእውነት» አለ። አሁን ነው መለመን! በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ስላላወቅኩ እንዳለ ተረጎምኩለት፦ «ውሰድ፣ በሞቴ! ሞቼ አፈር ስሆን!»

ሰውየው ነጭ ሆነ። ብስኩቱን በሁለት እጁ ተቀበለኝና ደኅና መሆኔን ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንም ነገር ስጠይቀው ዓረፍተ ነገሬን አስጨርሶኝ አያውቅም፤ ገና «ያስፈልገኛል» ስል «እሺ» ይላል። እትዬ ስለ ብስኩቱ ሲሰሙ «የሰባት ቅዳሜ ትምህርት በአንድ ፓኬት አጠፋሽው» ብለው ለሁለት ቀን ተቆጡኝ።

ስምንተኛው ቅዳሜ የምስክር ወረቀት የምንቀበልበት ነበር። መምህሯ ክብ አስቀመጠችንና እያንዳንዷ ምን ጠይቃ ምን እንዳገኘች እንድትናገር አደረገች። የባንግላዴሿ ሴት መብራት ያለበት ጠረጴዛ ጠይቃ አግኝታለች። አየርላንዳዊቷ አዲስ መጥረጊያ ጠይቃ ተከልክላ፣ ያለውን አሮጌ መጥረጊያ በአለቃዋ ቢሮ በር ላይ አቁማው መጥታለች፤ ሰኞ ውጤቱን አያለሁ አለች። እኔ እግሬን አንስቼ ቁጥሬን ተናገርኩ፤ ተጨበጨበልኝ።

መጨረሻ ላይ የእትዬ ተራ ደረሰ። ተነሱ። መምህሯን ዓይን ዓይኗን አዩአት።

«በስተኋላዬ ያለው መስኮት እንዲዘጋ ያስፈልገኛል» አሉ።

መምህሯ አልገባትም። «አሁን?»

«በስተኋላዬ ያለው መስኮት እንዲዘጋ ያስፈልገኛል። ስምንት ቅዳሜ ሙሉ ጀርባዬን በረዶ በላኝ።»

መምህሯ መነጽሯን አወለቀች። ፊቷ እንደ መነጽሩ ቀላ። «ስምንት ሳምንት? ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ኮርሱ መች አልቆ?» አሉ እትዬ። «ገና እየተማርኩ ነበር እኮ።»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። መምህሯ ራሷ ሮጣ መስኮቱን ዘጋችው። እትዬም ተቀምጠው የካፖርታቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ መፍታት ጀመሩ። ለካ ከውስጥ አበባ ያለበት ቢጫ ቀሚስ ኖሯል፤ በየቅዳሜው ለክፍሉ ብለው የለበሱት። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየነው ያን ቀን ነው።